ልጅ ለልጅ ሲመሰክር

ሰው ለሰው ከሚሰጠው ስጦታ ሁሉ ለመስጠት ቀላል፣ በኋላ ሲጠየቁበት ግን ከባድ የሆነው ምክር ነው። ገንዘብ ያበደረ ሰው ከኪሱ የወጣውን ልክ ያውቃል፤ እህል የሰፈረም ሰው ጎተራው በስንት ቁና እንደ ጎደለ ያውቃል። «ይህን አድርግ፤ ይህን ተው» ብሎ የመከረ ሰው ግን ከእርሱ ዘንድ አንዳች የጎደለ ስለማይመስለው፣ ቃሉን ሳይመዝን ይለግሳል። ምክሩ ፍሬ ቢያፈራ ምስጋናው ለመካሪው ይሆናል፤ ቢከሽፍ ግን ጥፋቱ የሰሚው ነው ይባላል። ስለዚህ የምክርን ኃላፊነት መመርመር የቆየ ቢሆንም፣ በየጊዜው ሊታደስ የሚገባው ነገር ነው።

ዛሬ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ግን መንግሥት ስለሚመከርበት ታላቅ ምክር አይደለም። ከምክር ሁሉ ታናሽ የሆነውን፣ ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረውን ነው፤ ይኸውም አንድ ልጅ የወደደውን የልብ ወለድ መጽሐፍ ለባልንጀራው «አንብበው» ብሎ ሲነግረው ነው። በትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ፣ በዕረፍት ሰዓት፣ ሽፋኑ በጋዜጣ የተለበጠ፣ ጠርዙ በእጅ ብዛት የጠቆረ መጽሐፍ ከአንዱ ደብተር መካከል ወጥቶ ወደ ሌላው ደብተር መካከል ሲገባ ያላየ መምህር የለም። ሰጪው ልጅ ብዙ አይናገርም፤ «በጣም ደስ ይላል» ይላል፣ ወይም «መጨረሻውን ብታየው!» ብሎ ዝም ይላል። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ይህ ልጅ ምን አደረገ? ጨዋታ ብቻ ነውን? ወይስ በዚያች በአንዲት ቃል ሳያውቀው ግዴታ ገብቷል?

በመጀመሪያ ነገሩን የሚንቁ ሰዎች የሚሉትን እንስማ። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚል ተረት አለን። በዚህ ተረት መሠረት፣ መጽሐፍ መምረጥ የበሰለ አእምሮ ሥራ ስለሆነ፣ ልጅ ይነበብለት፣ ይመረጥለት እንጂ እርሱ ራሱ መራጭና መስካሪ ሊሆን አይገባውም ይላሉ። ይህን አሳብ የያዙት ተራ ሰዎች ብቻ አይደሉም። የግሪኩ ፈላስፋ ፕላቶን «ሪፐብሊክ» በተባለው መጽሐፉ የልጅ ነፍስ የተጫነባትን ማኅተም ሁሉ የምትቀበል ለስላሳ ነገር ስለሆነች፣ እናቶችና ሞግዚቶች ለልጆች የሚነግሩት ተረት አስቀድሞ በአዋቂዎች መመርመር እንዳለበት ይናገራል። የጄኔቫው ተወላጅ ዣን ዣክ ሩሶም እ. ኤ. አ. በ1762 ባሳተመው «ኤሚል» በተባለው የአስተዳደግ መጽሐፉ፣ ተማሪው በመጀመሪያ የሚያነበው መጽሐፍ «ሮቢንሰን ክሩሶ» ብቻ እንዲሆን ወስኗል። ሁለቱም ታላላቅ ሰዎች ለልጁ ምን እንደሚበጀው በብዙ ተጨንቀዋል፤ ልጁን ራሱን ግን «የትኛውን ወደድህ?» ብለው አልጠየቁትም።

ይሁን እንጂ ይኸው ሩሶ በ«ኑዛዜዎች» መጽሐፉ ስለ ራሱ ልጅነት ሲተርክ የሚነግረን ሌላ ነው። እናቱ ትታቸው ያለፈችውን የልብ ወለድ መጻሕፍት ገና በሕፃንነቱ ከአባቱ ጋር ከእራት በኋላ ተራ በተራ ያነብቡ ነበር። መጽሐፉን ሳይጨርሱ መተው ስለማይሆንላቸው አንዳንድ ጊዜ ሌሊቱ ይነጋባቸው ነበር፤ አባትየውም የጠዋት ወፎችን ድምፅ ሲሰሙ አፍረው እንተኛ ይሉ ነበር። እንግዲህ ለኤሚል አንድ መጽሐፍ ብቻ የፈቀደው ሰው እርሱ ራሱ ሰው የሆነው በብዙ መጻሕፍትና በአንድ የንባብ ባልንጀራ ነበር። ባልንጀራው አባቱ ቢሆኑም፣ በዚያች ሌሊት ግን ከልጃቸው ይልቅ እርሳቸው ልጅ ሆነው ነበር። ከዚህ የምንማረው፣ መጽሐፍ በሰው ልብ ሥር የሚሰደው ከላይ በታዘዘ ጊዜ ሳይሆን ጎን ለጎን በተነበበ ጊዜ መሆኑን ነው።

በእኛም አገር ቢሆን ልጅ ከልጅ መማሩ እንግዳ ነገር አይደለም። በንባብ ቤት ፊደል የለየው ልጅ ገና ላልለየው ያስቆጥራል፤ መምህሩ አንድ፣ ተማሪው ብዙ ስለሆነ፣ ትናንት የተማረው ዛሬ ያስተምራል። አባቶቻችን ይህን ሲያደርጉ የታናሹን ዕውቀት ከመምህሩ ዕውቀት ጋር አስተካክለው አልነበረም። ትናንት የተቸገረ ሰው ዛሬ የሚቸገረውን ሰው ችግር ከማንም ይልቅ እንደሚያውቅ ስለተረዱ ነው። ፊደልን ከለየ ሠላሳ ዓመት ያለፈው መምህር «ሀ» እንዴት ታስቸግር እንደ ነበር ረስቶታል፤ ባለፈው ወር የለያት ልጅ ግን አልረሳትም።

ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት ቋንቋ ብናመጣው የበለጠ ግልጽ ይሆናል። ምስክር ሁለት ዓይነት ነው፤ በዓይኑ ያየውን የሚናገር የዓይን ምስክር አለ፤ ከሌላ የሰማውን የሚናገር የሰሚ ሰሚ አለ። ልጅ ስለ አንድ መጽሐፍ ሲናገር፣ ስለ ደራሲው ጥበብ፣ ስለ ቋንቋው ጥራት፣ ስለ ታሪኩ አወቃቀር ሊመሰክር አይችልም፤ ይህ የባለሙያ ቃል ነው። ነገር ግን መጽሐፉ በእርሱ ዕድሜ ባለ ልብ ውስጥ ምን እንዳደረገ ለመመስከር ከእርሱ የበለጠ የዓይን ምስክር ከወዴት ይገኛል? እኛ ትልልቆቹ ስለ ልጆች መጽሐፍ ስንናገር፣ የፈለግነውን ያህል ብንማር፣ በዚህ ጉዳይ የሰሚ ሰሚዎች ነን።

ይህን እውነት የተረዳ አንድ የእንግሊዝ አገር አሳታሚ ነበር። ስሙ ስታንሊ አንዊን ይባላል። ይህ ሰው የልጆችን መጽሐፍ የሚመዝኑ ልጆች ናቸው ብሎ ያምን ስለነበረ፣ ለሕትመት የመጣለትን የልጆች ረቂቅ ለገዛ ልጁ ለሬይነር እየሰጠ ያስነብበው፣ ልጁም አስተያየቱን በጽሑፍ ሲያቀርብ አንድ ሽልንግ ይከፍለው ነበር። እ. ኤ. አ. በ1936 የአሥር ዓመቱ ሬይነር የአንድ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር የጻፉትን ረቂቅ አነበበና መጽሐፉ መልካም መሆኑን፣ ዕድሜያቸው ከአምስት እስከ ዘጠኝ ዓመት የሆኑትን ልጆች ሁሉ ደስ እንደሚያሰኝ በጥቂት መስመር ጽፎ ሽልንጉን ተቀበለ። መጽሐፉ በሚከተለው ዓመት በ1937 ታተመ። ጸሐፊው ጄ. አር. አር. ቶልኪን፣ መጽሐፉም «ዘ ሆቢት» ነው። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ በብዙ ቋንቋ ተተርጉሞ ሲነበብ ይኖራል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ፈገግ የሚያሰኝም፣ የሚያሳስብም አንድ ነገር አለ። ምስክሩ አሥር ዓመቱ ነው፤ መጽሐፉ የሚገባው ግን ከአምስት እስከ ዘጠኝ ዓመት ላሉት ነው አለ። መጽሐፉን እንደ ወደደው ግልጽ ነው፤ ነገር ግን የወደደውን ነገር ለታናናሾቹ ሰጥቶ ራሱን ከእነርሱ በአንድ ዓመት ከፍ አደረገ። ልጆችን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህን ጠባይ ያውቀዋል። ልጅ መጽሐፍ ሲያመሰግን፣ ስለ መጽሐፉ ብቻ ሳይሆን ስለ ማደጉም ይናገራል፤ «እኔ እዚህ አልፌአለሁ» ማለቱ ነው። ይህ ትንሽ ትዕቢት ነው ተብሎ ሊነቀፍ ይችል ይሆናል። እኛ ግን ንጹሕ ትዕቢት ነው እንላለን፤ ወንዝ የተሻገረ ልጅ ወደ ኋላው ዞሮ ለሚከተለው ታናሽ «ድንጋዩ እዚህ ነው፤ እዚህ ርገጥ» እንደሚለው ያለ ትዕቢት ነው።

የስኮትላንዱ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም እ. ኤ. አ. በ1757 ስለ ጣዕም መለኪያ በጻፈው ድርሰት፣ ሰው በሃያ ዓመቱ ኦቪድን፣ በአርባ ዓመቱ ሆራስን፣ በሃምሳ ዓመቱ ታሲተስን ሊያስበልጥ እንደሚችል ያስረዳል። በሌላ አነጋገር፣ ሰው ደራሲን የሚመርጠው ወዳጁን በሚመርጥበት ዓይን፣ ጠባዩንና ዕድሜውን ተከትሎ ነው። ይህ አሳብ እውነት ከሆነ፣ በልጅነት የተወደደ መጽሐፍ በስሕተት የተወደደ መጽሐፍ አይደለም፤ በጊዜው የተወደደ ነው እንጂ። ስለዚህ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የሚሰጠው ምስክርነት ገና ያልበሰለ የእኛ ፍርድ አይደለም፤ ለራሱ ወራት የበሰለ ፍሬ ነው።

ነገር ግን ምስክርነት ምን ያህል ያስገድዳል? የጀርመኑ ፈላስፋ አማኑኤል ካንት እ. ኤ. አ. በ1790 በታተመው ስለ ፍርድ ኃይል በሚናገረው መጽሐፉ የአንድ ወጣት ባለቅኔ ምሳሌ ያመጣል። ይህ ወጣት ግጥሙ ውብ ነው ብሎ ስላመነ፣ የሕዝቡም ሆነ የወዳጆቹ ነቀፌታ ከእምነቱ አያነቃንቀውም፤ በኋላ ጊዜ የገዛ ፍርዱ በልምምድ ሲሳል ብቻ አሳቡን ይለውጣል። ውበትን ሌላው ቀምሶ ሊነግረን አይችልም፤ እያንዳንዳችን በገዛ ምላሳችን መቅመስ አለብን ማለቱ ነው። ይህም ለጉዳያችን ትልቅ ነጻነት ይሰጣል። ባልንጀራው «አንብበው» ያለው ልጅ፣ አንብቦ ባይወደው ዕዳ የለበትም። የምስክሩ ቃል ደጁን ይከፍታል እንጂ አንገቱን ይዞ አያስገባም። ሰጪው ልጅ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ «እንዴት አልወደድኸውም!» ብሎ ቢያኮርፍ፣ ምስክርነቱን ወደ ትእዛዝ ለወጠው፤ በራሱ ላይ ሊሆንበት የማይወደውንም በባልንጀራው ላይ አደረገ።

እስከዚህ ድረስ ልጁ ምስክር ነው አልን። ነገር ግን ምስክር ብቻ ነውን? ይህን ለመመለስ ከራሳችን ሕይወት አንድ ነገር መናዘዝ ሊኖርብን ነው።

ከሃያ ዓመት በፊት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለን፣ ከእኛ በሁለት ዓመት የሚያንስ አንድ የሰፈራችን ልጅ ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ያገኘውን ወረቀት ሁሉ የሚያነብብ ልጅ ነበር። አንድ ቀን መጥቶ «ትልቅ መጽሐፍ ማንበብ ፈልጌአለሁ፤ የትኛውን ላንብብ?» ብሎ ጠየቀን። እኛም ሳናመነታ «ፍቅር እስከ መቃብርን አንብበው፤ እንዲህ ያለ መጽሐፍ በአማርኛ አልተጻፈም» አልነው። የሐዲስ ዓለማየሁ ይህ መጽሐፍ በ1958 ዓ. ም. ከታተመበት ጊዜ ጀምሮ በአገራችን የገነነ ስለሆነ፣ ያልነው ቃል ሐሰት አልነበረም። ሐሰቱ ሌላ ቦታ ነበር። እኛ መጽሐፉን ጀምረነው ነበር እንጂ አልጨረስነውም፤ ከግማሽም አልደረስንም ነበር። ስለ ጉዱ ካሣ የምናወራው፣ ስለ ሰብለ ወንጌል የምንተርከው፣ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲያነብበው ከሰሙት ታላላቆቻችን የሰማነውን ነበር። እንግዲህ የሰሚ ሰሚ ሆነን ሳለ የዓይን ምስክር መስለን ቀረብን።

ልጁ መጽሐፉን ከየትም ብሎ አገኘ። ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን ከምሽቱ ደጃችን ላይ ቆሞ አገኘነው፤ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «ጨረስሁት» አለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንተም እዚያ ላይ ስትደርስ አለቀስህ?» ብሎ ጠየቀን። እኛም «አዎን» አልን። «የቱ ጋ?» አለ። ፊቱ ላይ የነበረው ነገር እስከ ዛሬ ድረስ አይጠፋንም፤ ፈተና ሊፈትነን አልነበረም፤ በሐዘኑ ብቻውን እንዳይሆን አንድ ሰው ፈልጎ ነበር። እኛ ግን የምንመልሰው አልነበረንም። የሆነ ነገር አጉተመተምን። ልጁ ጥቂት ጊዜ ተመልክቶን፣ ሳይስቅብንም ሳይቈጣንም፣ «እሺ» ብሎ ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ መጽሐፍ አንድም ነገር ጠይቆን አያውቅም።

ይህን ነገር ለብዙ ጊዜ ስናስበው ኖረናል። በመጀመሪያ ያስጨነቀን ውሸታችን መገለጡ ነበር፤ ይህ የልጅ ጭንቀት ነው። በኋላ ግን የተገለጠልን ሌላ ነው። ምክራችን አልከሸፈም፤ እንዲያውም ከጠበቅነው በላይ ሠራ። ልጁ መጽሐፉን ወደደው፤ መጽሐፉም ልቡን ሰበረው። ጉዳት የደረሰበት መጽሐፉ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን፣ መልካም ሆኖ፣ የላከው ሰው ግን በመጨረሻው ቦታ ስላልተገኘ ነው። ሰው ወደ ሩቅ አገር ልኮት፣ «እዚያ ስትደርስ ታገኘኛለህ» ብሎት፣ ሲደርስ ማንም እንዳልጠበቀው መንገደኛ ሆነ።

ከዚህ በኋላ የተረዳነው፣ «አንብበው» የሚል ሰው ምስክር ብቻ ሳይሆን ዋስም መሆኑን ነው። ምስክርና ዋስ በአገራችን ልማድ የተለያዩ ናቸው። ምስክር ያየውን ተናግሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ዋስ ግን ነገሩ እስኪያልቅ ድረስ አይለቀቅም፤ ሲፈለግ መገኘት አለበት። መጽሐፍን ለባልንጀራው ያመሰገነ ልጅ፣ ባልንጀራው አንብቦ ሲመለስ ሊያነጋግረው ዋስ ሆኗል። መጽሐፉ መልካም እንዲሆንለት ዋስ ሊሆን አይችልም፤ ይህ ከሰው ኃይል በላይ ነው። ራሱ ግን እዚያ መንገድ ላይ በእውነት የሄደ መሆኑን፣ ሲጠራም «አቤት» የሚል መሆኑን ዋስ ሊሆን ይችላል፤ ሊሆንም ይገባዋል።

ወደ ሬይነር አንዊን ታሪክ የምንመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ታሪኩ በአንድ ሽልንግ ቢያልቅ ኖሮ ደስ የሚል ጨዋታ ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን አሥራ ስድስት ዓመታት ያህል አለፉ፤ ልጁ አድጎ በአባቱ ማተሚያ ድርጅት ሠራተኛ ሆነ። ቶልኪንም ለዚያ መጽሐፍ ተከታይ ይሆናል ተብሎ የተጀመረውን፣ ከተጠበቀው እጅግ የረዘመውንና ማንም አሳታሚ በቀላሉ የማይደፍረውን «የቀለበቶቹ ጌታ» የተባለውን ድርሰት ጨረሰ። ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሬይነር ሒሳቡን አስልቶ፣ መጽሐፉ ታላቅ ሥራ መሆኑን፣ ድርጅቱ ግን እስከ አንድ ሺህ ፓውንድ ሊከስርበት እንደሚችል በጉዞ ላይ ለነበረው አባቱ ጻፈለት። አባትየውም፣ መጽሐፉ የላቀ ሥራ መሆኑን ካመንህ ክሳራውን ልትደፍረው ትችላለህ የሚል መልስ ሰጠው። መጽሐፉ እ. ኤ. አ. በ1954 እና በ1955 በሦስት ክፍል ታተመ፤ የተፈራው ክሳራም አልደረሰም። በዚያ ዘመን አንድ ፓውንድ ሃያ ሽልንግ ስለነበረ፣ በአሥር ዓመቱ አንድ ሽልንግ ተቀብሎ የመሰከረው ልጅ፣ ጎልማሳ ሲሆን ለምስክርነቱ ሃያ ሺህ ሽልንግ ለማስያዝ ቆመ ማለት ነው። ዋስነት ማለት ይህ ነው፤ ባመሰገኑት ነገር መጨረሻ መገኘት።

አሁን ምስክርነትን የሚያበላሸውን ነገር እንመልከት። እንደሚመስለን የሚያበላሹት ሦስት ናቸው። አንደኛው፣ ከላይ እንደ ተናዘዝነው፣ አዋቂ መስሎ ለመታየት መፈለግ ነው። ሁለተኛው ብዙኃኑን መከተል ነው፤ ሁሉ ያነበበውን ያላነበበ ልጅ እንደ ባይተዋር እንዳይቈጠር ፈርቶ ያልወደደውን ወደድሁ ይላል። ሦስተኛውና እኛን መምህራንንና ሹማምንትን የሚነካው ግን ማርክ ነው። ተማሪ «የወደድኸውን መጽሐፍ ለጓደኞችህ አስተዋውቅ» ተብሎ ሲታዘዝና ለዚያም ነጥብ ሲሰጠው፣ የሚጽፈው መምህሩ ሊሰማ የሚፈልገውን ነው። «ከዚህ መጽሐፍ ብዙ ቁም ነገር ተምሬአለሁ» ብሎ ይጀምራል፤ ምን ቁም ነገር እንደ ሆነ ሳይናገር ያበቃል። ይህ ምስክር በገንዘብ እንደ ተገዛ ምስክር ነው። ልዩነቱ ገዢው መልካም አሳብ ያለው መሆኑ ብቻ ነው።

በፈረንሳይ አገር እ. ኤ. አ. በ1988 ልጆች ራሳቸው አንብበው ድምፅ የሚሰጡበት የመጻሕፍት ሽልማት ተቋቋመ። ስሙን «የማይደለሉት ሽልማት» ብለን ልንተረጉመው እንችላለን፤ በጉቦ የማይገዛ ዳኛ የሚጠራበት ቃል ነውና። ልጆቹ የተመረጡትን መጻሕፍት ለማንበብ ቃል ይገባሉ፣ የራሳቸውን አሳብ ይይዛሉ፣ ከዚያ በኋላ ለወደዱት ድምፅ ይሰጣሉ። በዚያው ዓመት ደግሞ የጎንኩር ማኅበር ለታላቁ ሽልማት የሚያጫቸውን ልብ ወለዶች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አንብበው የራሳቸውን ተሸላሚ የሚመርጡበት ሥርዓት ተጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት የተማሪዎቹና የሊቃውንቱ ምርጫ በአንድ መጽሐፍ ላይ ገጠመ፤ እርሱም የኤሪክ ኦርሴና መጽሐፍ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በብዙዎቹ ዓመታት ተለያይተዋል። እኛ እንደሚመስለን መለያየታቸው የሥርዓቱ ጉድለት ሳይሆን ጤንነቱ ነው። ሁልጊዜ ከሊቃውንቱ ጋር የሚስማማ የተማሪ ዳኛ ቢኖር፣ ማንበቡን እንጠራጠር ነበር።

ምስክርነትን የሚያከብር አንድ ሌላ ምግባር ደግሞ አለ፤ እርሱም ዝምታ ነው። መጽሐፍ ጨርሶ የተቃጠለ ልጅ መጨረሻውን ለመናገር ምን ያህል እንደሚቸኩል እናውቃለን። ምሥጢሩ አፉን ይበላዋል። ነገር ግን ባልንጀራው ራሱ ደርሶ እንዲያገኘው ብሎ ከንፈሩን ይነክሳል። ትልቅ ሰው ይህን አይቶ ይስቅ ይሆናል፤ ለእኛ ግን ልጅ ስለ ሌላው ደስታ ብሎ የራሱን ደስታ የሚገታበት፣ ማንም ያላዘዘው የመጀመሪያ ትምህርት መስሎ ይታየናል። መምህር በግብረ ገብ ሰዓት በብዙ ቃል የሚያስተምረውን ልጁ እዚህ ሳይጠራው ይፈጽመዋል።

«ልጆች እርስ በርሳቸው የሚጎዳ መጽሐፍ ቢያቀባበሉስ?» የሚል ወላጅ ይኖራል። ጥያቄው የተገባ ነው። እኛም አዋቂው ጥበቃውን ይተው አላልንም። በመደርደሪያው ላይ ምን እንዲቀመጥ የሚወስነው ወላጅና መምህር ነው፤ ከተቀመጠው ውስጥ የትኛው እንደሚያቃጥልና የትኛው እንደሚያስተኛ የሚናገረው ግን ልጁ ይሁን። ደግሞም ልጆች የሚቀባበሉትን የሚያውቅ መምህር የሚጠብቀውን ያውቃል። የሚከለክል ብቻ የሆነ መምህር ግን መጽሐፉ ከደብተር ሥር ሲያልፍ አያየውም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መጽሐፉ ራሱ ሊኖር ይገባል። በቋንቋው ለዕድሜው የተጻፈ መጽሐፍ ያላገኘ ልጅ ለማን ምን ሊመሰክር ይችላል? በአሜሪካ አገር በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሠራተኛ የነበሩት ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የልዩ ልዩ ሕዝቦች የልጆች መጻሕፍት በመደርደሪያው ሞልተው ሳለ የአማርኛ በመታጣቱ ተነሣሥተው ወደ አገራቸው ተመልሰው፣ እ. ኤ. አ. በ2003 በአዲስ አበባ በሾላ ሰፈር የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፍተዋል፤ በሐዋሳም መጽሐፍ በአህያ ጋሪ እየተጫነ ለልጆች እንዲደርስ አድርገዋል። አንድ ሰው ይህን ያህል ከሠራ፣ ብዙዎች ተባብረው ምን ሊሠሩ እንደሚችሉ ማሰብ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይባላልና።

ስለዚህ መምህራን ለሆኑ አንባቢዎቻችን ትንሽ አሳብ ብናቀርብ እንደ ድፍረት አይቈጠርብን። በየክፍሉ ወይም በየቤተ መጻሕፍቱ አንድ ደብተር ይቀመጥ። መጽሐፍ የጨረሰ ተማሪ፣ ከወደደ፣ ለሚቀጥለው አንባቢ ጥቂት መስመር ይጻፍበት። ማርክ አይሰጥበት፤ የፊደል ስሕተቱም በቀይ ቀለም አይታረም። «ጥሩ ነው» የሚል ባዶ ምስጋና ሳይሆን፣ የት ላይ እንደ ሳቀ፣ የት ላይ እንደ ሰለቸው፣ የት ላይ እንደ ፈራ ይጻፍ፤ የሰለቸውን የሚናገር ምስክር ስለ ወደደው ሲናገር ይታመናልና። መጽሐፉን ያልጨረሰ ተማሪም አይከልከል፤ ነገር ግን «እስከዚህ ገጽ አንብቤአለሁ» ብሎ እውነቱን ይጻፍ። ከሁሉም በላይ፣ ከጽሑፉ ግርጌ ስሙንና ክፍሉን ያኑር፤ አንብቦ የጨረሰ ልጅ ሊያነጋግረው ሲፈልግ የት እንደሚያገኘው ያውቅ ዘንድ። ምስክርን ዋስ የሚያደርገው ይህች የመጨረሻዋ መስመር ናት።

መምህሩም ራሱ በዚያው ደብተር እንደ አንድ አንባቢ ይጻፍ። ያላነበበውን መጽሐፍ «አንብቡ» ብሎ ለክፍሉ ያዘዘ መምህር፣ እኛ በሰባተኛ ክፍል ከሠራነው ስሕተት የሚለየው በዕድሜው ብቻ ነው።

ፍቅር እስከ መቃብርን እስከ መጨረሻው ገጽ ያነበብነው ከዚያ ምሽት አራት ዓመት ቈይተን ነው። እዚያ ቦታ ላይ ስንደርስ ልጁ «የቱ ጋ?» ያለው ጥያቄ ትዝ አለን፤ መልሱንም አገኘነው። ተነሥተን ልንነግረው በፈለግን ጊዜ ግን ቤተሰቡ ከሰፈሩ ለቅቆ ነበር፤ ወዴት እንደ ሄዱም የሚያውቅ አልተገኘም። መልሱ እስከ ዛሬ ከእኛ ጋር አለ። የዛሬ ልጆች ግን ባልንጀራቸው ደጃቸው ላይ ቆሞ ሲጠይቃቸው፣ መልሱን በጊዜው እንዲሰጡ ልናስተምራቸው ይገባል፤ ይህንም የምናስተምራቸው እኛው አስቀድመን ያነበብነውን ብቻ በማመስገን ነው።